ስለላክሽልኝ የምግብ መጽሐፍ

ለታናሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ያ የሚያቃጥለው ቅባት ጠቀመሽ፣ ወይስ እንደ ልማድሽ አንድ ቀን ተቀብተሽ መሳቢያ ውስጥ ረሳሽው? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያቺ ምድር ቤት ያለችው ነገረኛ ጎረቤትሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል ግን በስልክ እንደምታልፊው ቶሎ አትለፊው፤ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ደህና ያልሆነም ነገር አለ፤ በተራው ይመጣል። ያልደወልኩልሽ ሆን ብዬ ነው። በስልክ አንቺ ታቋርጪኛለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋለን። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም።

መጽሐፍሽ ደርሶኛል። ከአውቶቡስ መናኸሪያ ሄዶ ያመጣው ባለቤቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስፈታው ቆሞ አየኝ። እሱ ዕቃ ሲፈታ ቆሞ የሚያይ ሰው አይደለም፤ ያኔውኑ ልብ ማለት ነበረብኝ። ወረቀቱን ስገልጠው ሳቂታው ሼፍ። ያ በቴሌቪዥን ሽንኩርት ሲከትፍ እንኳ ጥርሱ የማይከደነው ሰውዬ። ሚስቱን በግራ፣ ሁለት ልጆቹን በቀኝ አድርጎ፣ አራቱም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ትንሹ ልጅ አፍንጫው ላይ ዱቄት ተደርጎለታል። ነክቶት አይደለም፣ ተደርጎለት ነው። በጣት የተቀባ ዱቄትና በኖ ያረፈ ዱቄት መለየት አያቅተኝም። ከኋላቸው ያለው ሶፋም ነጭ ነው። እስቲ አስቢው፣ ሁለት ልጅ ያለበት ቤት ነጭ ሶፋ። ከሥሩ ደግሞ "ለየዕለቱ የቤተሰብ ገበታ" ይላል።

ቀጥዬ የአንቺን ጽሑፍ ፈለግሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ለቤትሽ ይሁንሽ" ከሚል በቀር ምንም የለም። አንቺ የልደት ካርድ አልበቃ ብሎሽ ጀርባው ላይ የምትቀጥይ ሰው ነሽ። ሆዴ ጠረጠረ። ጸጉሬ የሸበተው ጎላ ድስት ላይ ተደፍቼ ነው፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ምሳውን የሚበላው ከእጄ ነው። ለእኔ ሽንኩርት አላላጥ የሚያስተምር መጽሐፍ? ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸ ነው። ወይ ርካሽ አግኝታ ነው አልኩ፣ ወይ ልትሰድበኝ ነው፣ ወይ ደግሞ ባለቤቴ የሆነ ነገር ነግሯታል። የመጨረሻውን ወዲያው ተውኩት፤ እናንተ ሁለታችሁ ከሰላምታ አልፋችሁ አውርታችሁ አታውቁም ብዬ።

ባለቤቴን ታውቂዋለሽ። ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ከሞተር መመሪያ በቀር መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና እያገላበጠ "እዚህ ሁሉ ነገር በልክ ነው የተጻፈው፤ ጨው እንኳ ሳይቀር" አለኝ። ጨው በማንኪያ የሚለካ ሰው ምላስ የሌለው ሰው ነው አልኩት። በማግስቱ ከሥራ ሲገባ በቀለበት የተያያዙ የመለኪያ ማንኪያዎች ይዞ መጣ። ሳሙና ግዛ ብዬ ደጋግሜ ካልነገርኩት የማይገዛ ሰው። ከየት አመጣኸው ስለው "መንገድ ላይ ሲያዞሩት አየሁ" አለኝ። የትልቁ ሱቅ ወረቀት እንደተለጠፈበት ነበር።

መጽሐፉን ይዤው ሥራ ገባሁ። ሐሳቤ እንድንስቅበት ነው። ስለ ቀጮ በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ረዳቴ ናት፣ እኩያዬ፣ ስትራመድ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል፣ ግን ሙሉ ድስት ብቻዋን የምታወርድ። ያልነገርኩሽ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ዓይኔ እሷ ላይ እንደነበር ነው። ዞር ስል ድስቴን ትከፍታለች። አንድ ቀን ከዕቃ ቤት ስመለስ ክዳኑን በአንድ እጇ፣ ጭልፋውን በሌላው ይዛ ያዝኳት። "እንዳያርብሽ ላማስለው ብዬ ነው" አለችኝ። ሾርባ ያራል እንዴ? ቦታዬን ፈልጋለች አልኩ። ሥራ ቦታ ሰው የሚከፋው በደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ጭልፋም ያስከፋል።

ስንስቅ አለቃችን ገባ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ አገላበጠና እንዲህ አለኝ፤ "በፋብሪካው ጋዜጣ ላይ ለምን አትፈርጂበትም? ቤትሽ እየሠራሽ ሞክሪው። ለተራ ሰው፣ ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው፣ ይሆናል አይሆንም ብለሽ ጻፊልን። ፈቃድሽም ተጠራቅሟል፤ በዚያው ውሰጂው።" ሰውዬው ፈቃድ ሲጠየቅ ሆዱን የሚቆርጠው ነው። ዛሬ ራሱ ውሰጂ ይለኛል። ቀጮን ዞር ብዬ አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ነገሩ ገባኝ አልኩ። እኔን በመጽሐፍ አታለው ከወጥ ቤት ያስወጡኝና እሷን ያስገባሉ። እምቢ ብል ፈራች ሊሉ ነው። እሺ አልኩ፤ ግን ያንን ሳቂታ ሰውዬ ከነነጭ ሶፋው ላወርደው ለራሴ ማልኩ።

ፍርዱን በቀልድ እንዳልያዝኩት እወቂልኝ። የማልወደውንም ሰው ሳልሰማው አልፈርድበትም። እንደ ጀማሪ ሆኜ፣ የተባልኩትን ብቻ እያደረግሁ፣ ከፊት ገጹ ጀመርኩ። መጀመሪያ የምስርና የካሮት ሾርባ ነው። ሳቂታው "በግማሽ ሰዓት ይደርሳል" ይላል። ምስሩን መልቀም፣ ካሮቱን መላጥ፣ ሽንኩርቱን መክተፍ ግን ሰዓቱ ውስጥ አልገባም፤ የእሱ ካሮት ተልጦ የሚበቅል ይመስለኛል። ጨውን በዚያች ማንኪያ ለክቼ ጨመርኩ። ስቀምሰው ውሃ ውሃ አለኝ። እጄ ራሱ ወደ ጨው ሄደ፤ ግን ፈራጅ ማስረጃ አይነካም ብዬ መለስኩት። እንዲያው አቀረብኩ፣ ፊታቸው ሲኮሳተር ልይ ብዬ።

ፊታቸው አልተኮሳተረም። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ጨረሰ። ልጅሽ፣ ያው የእኔዋ፣ ውፍረት ፈራሁ እያለች ከዓመት ዓመት ግማሽ ሳህን ስትመልስልኝ የኖረችው፣ ሳህኗን በዳቦ ጠርጋ "እማዬ ይጨመርልኝ" አለች። እንዴት ነው ስላቸው "ልክ ነው" አለ ባለቤቴ። ልክ ነው ምን ማለት ነው? ጫማ ነው እንዴ? ሁለቱ ደግሞ ተያዩ። አየኋቸው።

ከዚያ ዶሮ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት፣ ምድጃ ውስጥ የሚገባ። ወረቀት ያኘክሁ መሰለኝ። እነሱ አጥንቱን መጠጡት። ድንች በእንቁላል፣ እንደዚያው። ሩዝ በአትክልት፣ እንደዚያው። እኔ በየቀኑ ማታ የምጽፈው "ጣዕም የለውም፣ ጣዕም የለውም" ነው፤ እነሱ ደግሞ ድስቱን ያራቁታሉ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ "የዚህ ሰው ልጆች በበሽተኛ ምግብ ነው የሚያድጉት" ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጣዕሙን ትተሽ እንኳ መጽሐፉ ብዙ የሚያስወቅስ አለው። ለአንድ እራት የቤቱን ድስት ሁሉ ከመደርደሪያ ያስወርድሻል፤ አጣቢው ማን እንደሆነ የትም አልተጻፈም። በየሁለት ገጹ አንድ ቅጠል ይጠራል፤ ያንን ቅጠል ፍለጋ ገበያውን ዞሬ አንዷ ነጋዴ "እሱ ለሰው ነው ለከብት?" አለችኝ። መፍጫ ማሽን የሌለው ሰው ከሾርባው ምዕራፍ ይሰናበት ዓይነት ነው። መጽሐፉ ራሱ ተዘርግቶ አይቆምም፤ እጅሽ ሊጥ ሆኖ እጥፍ ይልብሻል፤ እኔ የቲማቲም ጣሳ ጭኜበት ነው ያነበብኩት። ከሁሉ ያስጠረጠረኝ ሚስትየዋ ናት። በፎቶው ሁሉ ትስቃለች፣ ትቀምሳለች፣ ሳህን ትቀበላለች፤ ቢላ ይዛ አንድ ቦታ የለችም። ልጆቹም በየገጹ ልብሳቸው ይቀየራል እንጂ አፋቸው ላይ ፍርፋሪ የለም። የተከራያቸው ነው የሚመስለኝ። ይህን እስከ ዛሬም አልተውኩም።

አንድ ቀን ነገሩን መለየት አለብኝ ብዬ ሁለት ድስት ጣድኩ። ያው ባቄላ፣ ያው ቲማቲም። አንደኛውን እንደ መጽሐፉ፣ ሌላውን እንደ እጄ። የትኛው የማን እንደሆነ ሳልናገር ጠረጴዛው መሃል አኖርኳቸው። ልጅሽ ከሁለቱም አንድ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ያለማመንታት ወደ መጽሐፉ ድስት ዞረች። ባለቤቴም እንዲሁ። ከዚያ ዓይኔን ሲያየው ጭልፋውን መልሶ ከእኔ ድስት ቀዳ፤ እስከ መጨረሻው በላ፤ በላዩ ላይ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ጠጣ። "ጥሩ ነው" አለኝ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ይህ ሰውዬ ሆዱ ሸፍቷል፤ የሚደልለኝ ለዚያ ነው አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርሽ። ከዚያ በፊት በረንዳ ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰምቼው ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አልነገርኳትም። ቀስ እያልን እንጂ፤ እንዳትጎዳብኝ" ይላል። ልብስ ላወርድ ስወጣ ሲያየኝ ዘጋውና "ደንበኛ ነው፣ ፍሪጁ ውሃ እያንጠባጠበ አስቸገረው" አለኝ። ፍሪጅ እንዳትጎዳብኝ ተብሎለት ያውቃል? ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር፤ የአባባ ተረት ናት። ያን ሳምንት ሸሚዙን ሳጥብ አንገትጌውን እያገላበጥኩ የሴት ሽቶ ፈለግሁበት። ምንም አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ምንም ማለት ምንም አላገኘሁም፤ የማሽን ዘይቱን እንኳ። ያኔ አላስተዋልኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከመጽሐፉ የቀረኝን የመጨረሻ ምግብ ጥጄ ጠረጴዛው ላይ ፍርዴን እጽፋለሁ። ነፋሱ ወረቀቴን ሲያበርርብኝ መስኮቱን ዘጋሁት። ቃል እየመረጥኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ሳቂታውን እየቀጣሁ ጊዜው ሄደ። ልጅሽ ከትምህርት መጣች። በሩን ከፍታ ገና አንድ እግሯን ስታስገባ "እማዬ" ብላ ጮኸች፤ እንደዚያ ስትጮህ ከልጅነቷ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። መብራቱን እንዳትነኪ አለችኝ። ሮጣ የቡታጋዙን ቁልፍ ዘጋች፣ መስኮቶቹን ሁሉ በረገደች፣ ክንዴን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችኝ። ድስቱ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ ግን ሲወጣ ነው የቆየው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ጣዕም እጽፋለሁ።

"እማዬ፣ አልሸተተሽም?" አለችኝ።

አሁን ነው የወጣው፣ ልነሳ ስል ነው የመጣሽው አልኳት። "ምድር ቤቱ ድረስ ይሸታል" አለች። እጄን አልለቀቀችም።

ቤቱ ከናፈሰ በኋላ ሱቅ ላክኋት፤ ከቤት እንድትወጣልኝ ነው። ወጥ ቤቱን ዘጋሁና ሽንኩርት ቆረጥኩ። ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ሽታ ግን የለውም። ኮምጣጤ ከፈትኩ፣ በረኪና ከፈትኩ። አፍንጫዬን ወጋ አደረገኝ እንጂ ምን እንደሆነ ጨለማ ውስጥ ብትሰጪኝ አልለየውም። የልጅሽን ሽቶ እጄ ላይ አርከፈከፍኩ፤ ውሃ ነው። ከዚያ የባለቤቴን የሥራ ቱታ ከቅርጫት አወጣሁና ፊቴን ቀበርኩበት። ስንት ዓመት በዚያ በዘይቱ ሽታ ስጨቃጨቀው እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። መቼ እንደተውኩት ለማስታወስ ሞከርኩ። ክረምት ላይ ያ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎኝ ከተነሳሁ ወዲህ አንድም ቀን አልተቆጣሁትም። እሱም አልጠየቀኝም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሥራዬ አይደለም። ልጅቷ ዘግይታ ቢሆንስ፣ ሲመሽ መብራቱን ባበራውስ አልኩ። ከዚያ ነው ድስቶቼን አንድ በአንድ ያሰብኳቸው። እነዚያን ሁሉ ወራት ያበሰልኳቸውን።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሠራተኛው ሳይገባ፣ ወደ ፋብሪካው ወጥ ቤት ሄድኩ። ቀጮ ድንች ትልጣለች። አጠገቧ ቆሜ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምግቤ ምን ሆኗል አልኳት። ቢላዋን አስቀመጠች። "ጨዉ" አለችኝ፤ "መጀመሪያ ትንሽ ነበር። በኋላ አፍ የሚያስገባ አልሆነም።" ታዲያ አንቺ ድስቴን የምትከፍችው ምን ልታደርጊ ነው ስላት "የተቀቀለ ድንች እጨምርበታለሁ፣ ውሃም። አንዳንዴ ግማሹን ቀንሼ አዲስ እቀላቅልበታለሁ" አለች። ሠራተኛው ማጉረምረም ሲጀምር ወሬው አለቃችን ጋ ደርሷል፤ ትተካ ያሉ ነበሩ፤ እሱ ነው "መጀመሪያ ትረፍ፣ ምናልባት ደክሟት ነው" ያለው። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። "ለአንቺ?" አለችኝ፤ "ለአንቺ ጨው በዛው የሚል ማን ደፍሮ ነው?"

እኔ እሷን ሳማ፣ እሷ ድስቴን ስታድን ነው የከረመችው። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቢላ አንስቼ አብሬያት ድንች ላጥኩ። የፈቃድ ሰው ድንች አይልጥም ብላ ልትነጥቀኝ ሞከረች፤ ተዪኝ አልኳት። ስንጨርስ ገባት መሰለኝ፤ ትከሻዬን በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ።

የዚያን ዕለት እራት ሾርባ ሠራሁ። ጨው ሳላስነካ አቀረብኩት። የጨው ዕቃውን አነሳሁና ባለቤቴ ፊት አስቀመጥኩ። አንተ ጨምር፣ ልኩን አንተ ታውቃለህ አልኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ልጅሽ አንገቷን ደፋች። እሱ ቀስ ብሎ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ቀመሰ፣ እንደገና ትንሽ ጨመረ። ከዚያ ለሦስታችንም ቀዳልን፤ በላን። ማንም ማንንም አላየም።

ዕቃውን ሲያጥብ ነው የተናገረው። ክረምት ላይ እንዳወቀ፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል ብሎ እንደጠበቀ። "ሌላ ነገር ቢጠፋብሽ እነግርሽ ነበር" አለኝ፤ "ይኼ ግን እጅሽ ነው። እጅሽን እንዴት ብዬ ልንገርሽ?" በረንዳ ላይ ያወራው ከማን ጋር እንደነበርም ነገረኝ። ደንበኛው አንቺ ነበርሽ። መጽሐፉም የሁለታችሁ ሐሳብ ነው፤ በማንኪያ እየለካች ብታበስል ከሰው አፍ ሳትሰማ ጨዉ ይስተካከላል ብላችሁ። እኔ ሌላ ሴት ስፈልግ የገዛ እህቴን አገኘሁ።

ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፤ የአንገት በላይ ሐኪም ነው፣ ወጣት፣ ግን አያጣድፍም። ምላስሽ ደህና ነው አለኝ። ጨውን፣ ጣፋጭን፣ ኮምጣጣን ይለያል፤ ቀሪውን ጣዕም ሁሉ የሚያመጣው አፍንጫ ነው፤ አንቺ የጎደለሽን ጣዕም በጨው ልትሞዪው ስትሞክሪ ነው የቆየሽው አለኝ። ጉንፋኑ የሽታውን መስመር ጎድቶታል። ይመለሳል ወይ ስለው አዎ አላለኝም፣ አይም አላለኝም፤ እንጠብቅ አለኝ። ጠዋትና ማታ ሎሚና ቅርንፉድ እያሸተትኩ፣ ድሮ እንዴት ይሸት እንደነበር እንዳስታውስ አዘዘኝ። ልጅሽ ከጎኔ ተቀምጣ "አሁንስ?" ትለኛለች። እስካሁን የለም። አንድ ቀን ቅርንፉዱ የሆነ ነገር ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ምኞት ሊሆን ይችላል፤ ራሴንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ቡታጋዙ አጠገብ ባለቤቴ ጋዝ ሲወጣ የሚጮህ ማሳወቂያ ገጥሞልኛል።

ሥራዬ ተመልሻለሁ። አለቃችን ቢሮ ገብቼ ከእሱ አፍ ሳልጠብቅ ራሴ ተናገርኩ። ሰውዬው እፎይ ሲል ታየኝ። አሁን እኔ አበስላለሁ፣ ቀጮ ትቀምሳለች። "ጨመር፣ ቀነስ" ስትለኝ መጀመሪያ ደሜ ይፈላ ነበር፤ አሁን እየለመድኩት ነው። አንዳንዴ ሆን ብላ ትእዛዙን ታበዛዋለች፤ ይህንንም እጠረጥራለሁ።

ፍርዴን ደግሜ ጻፍኩት። ስለ ድስቱ ብዛት፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ሰዓቱ ውሸት ያልኩትን ሁሉ አልሰረዝኩም። ስለ ጣዕሙ ግን መፍረድ የምችለው እኔ አይደለሁም ብዬ፣ ምክንያቱን በግልጽ ተናግሬ፣ የቤተሰቦቼን ሳህን ምስክር አቆምኩለት። ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ከመጽሐፉ ግማሹ ይሆናል፣ ግማሹ ለፎቶ ነው፤ ልኩ ግን የሚታመን ነው፤ የራሱን ምላስ የማያምን ሰው ሊደገፍበት ይችላል ብዬ ጨረስኩ። ጋዜጣዋ ስትወጣ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ነገሬን አወቀ። ከሽመና ክፍል አንዲት ሴት መጥታ እሷም ከወሊድ በኋላ እንዲሁ እንደሆነች፣ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችኝ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ሳህኑን ሲመልስልኝ "ያን ጊዜ ውሃ በጀሪካን ነበር የምንጠጣው" አለኝ። ሳቅሁ። ከልቤ ነው የሳቅሁት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ባለቤቴ አንድ ነገር አለኝ፤ "አንቺው ንገሪያት፣ እህቷ ነሽ ብዬ ለምኛት ነበር፤ እኔ አልችልም አለችኝ።" አንቺ አልችልም አልሽ። ሰው ሁሉ የፈራውን የምትናገሪው አንቺ። የአክስታችንን ልጅ በሠርጓ ቀን ቀሚሱ አያምርብሽም ያልሻት። ክረምት ላይ እኛ ጋ ስትሰነብቺም ከእጄ በልተሽ፣ ደጋግመሽ ውሃ ቀድተሽ፣ "ጣፈጠኝ" ብለሽ ሄድሽ። ብዙ አሰብኩበት። መጀመሪያ ተናድጄ ነው ያሰብኩት። ከዚያ የእማዬ ሾርባ ትዝ አለኝ።

ያን ምሳ ረስተሽው አታውቂም መሰለኝ። እማዬ በመጨረሻ ዓመቷ፣ ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ። አንድ ማንኪያ ቀምሰሽ ማንኪያሽን አስቀመጥሽና "እማዬ፣ ይኼ እኮ አይበላም" አልሻት። እማዬ ሳቀች። ማማሰያውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ድስት ጥዳ አታውቅም። ዓመቱ ሳይሞላ አጣናት። በልብሽ ምን ይዘሽ እንደኖርሽ አልጠይቅሽም።

ግን የማታውቂው ነገር አለ፤ ቁም ነገር መስሎኝ ስለማያውቅ አልነገርኩሽም። ያን ዕለት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ዕቃ ሳጥብ እማዬ አጠገቤ ቆመች። "ትንሿ እውነቷን ነው" አለችኝ፤ "እኔም ከቆየ ጠርጥሬዋለሁ። አንቺ ግን ስትበዪ ስትበዪ ከርመሽ ለምን ዝም አልሽ?" የተቀየመችው በእኔ ነው። ከወጥ ቤት የወጣችውም ስለተናገርሽ አይደለም፤ ጉልበቷ ካለቀ ቆይቶ ነበር፤ ማረፊያ ሰበብ ነው የሰጠሻት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እኔን ስታዝዘኝ እንዴት ደስ ይላት እንደነበር አንቺ ሩቅ ስለነበርሽ አላየሽም። እኔ አይቻለሁ።

እረፍት ስታገኚ ነይ። ልጆቹንም ይዘሽ ነይ። መጽሐፉን ዘግቼ በእጄ ሾርባ እሠራልሻለሁ። ቀጮን አልጠራም፣ ባለቤቴም አይቆነጥርበትም። ቀድመሽ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ። የማይበላ ከሆነ ማንኪያሽን አስቀምጪና በአባወራው፣ በልጆቹ፣ በሁሉም ፊት ተናገሪ።

ወገብሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃቸው፣ ባልሽን ከመንገድ ክፉ ይጠብቀው። ከቤትሽ በረከት፣ ከምላስሽ እውነት አይጥፋ።

ታላቅሽ